የማይሻገር ዕጣ

ሐኪሙ «ቀላል ስትሮክ ነው፣ እድለኛ ነዎት» ሲለኝ አፌ ገና አልተቃናም ነበርና መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። ምላሴ ቢታዘዘኝ ኖሮ «ለማን ነው የቀለለው?» እለው ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ጓሮ ተቀምጬ፣ እንሰቱን ጣውላው ላይ በእግሬ ደግፌ ስፍቅ፣ መፋቂያው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ላነሳው ስል ጣቶቼ አልሰሙኝም። አጠገቤ ትፍቅ የነበረችው ምራቴ ቀና ብላ አየችኝና ጮኸች። ያስጮኻት እጄ አልነበረም፤ አፌ ወደ ግራ ሄዶ ነበር። ባጃጅ ጠርታ ቡታጅራ መሀል ወዳለው ሐኪም ቤት አደረሰችኝ።

በሳምንቱ አፌ ተቃና፣ እግሬም ተመለሰ። እጄ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ስኒ ይይዛል፣ ቁልፍ አይቆልፍም። ማንኪያ ያነሳል፣ መርፌ አያነሳም። ምራቴ «እማዬ፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፣ እኔ እፍቃለሁ» ስትለኝ ደግነቷን አውቃለሁ፤ ሆኖም ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር ከቤት ያስወጣችኝ ያህል ይከፋኝ ነበር።

ከወር በኋላ ለደም ግፊት ክትትል ስመለስ፣ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ጭኗ ላይ አኑራዋለች። ገና ሳያት ምን እንደያዛት አወቅሁ።

«የት ያዘሽ?» አልኳት።

«እንሴኖ፣ ገበያ ላይ። በርበሬ እየሰፈርኩ።»

«ምን ተሰማሽ?»

«ወላሂ ምንም። ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ገዢዋ ሆን ብዬ ያጎደልኩባት መስሏት ስትሰድበኝ አፌ አልመልስላት አለ። በሕይወቴ ሳልመልስ የተሰደብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ባሏ ሞቷል፤ በርበሬ ገዝታ፣ ጭራውን ቀንጥሳ፣ መርጣ ትሸጣለች። ጭራ የሚቀነጠሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። ያ እጅ ካልተመለሰ ገበያ መቀመጧም እንደሚቀር ነገረችኝ። የልጇ ቤት ጥግ ላይ እንደ ዕቃ መቀመጥ ነው የሚጠብቃት። ይህን ስትናገር አልሳቀችም።

ተመራማሪዋን ያገኘናት እዚያው ወንበር ላይ እንዳለን ነው። ከወልቂጤ የመጣች፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። እንደ እኛ ስትሮክ ቀለል ብሎ የያዛቸው ሰዎች መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ቤት እንደሚሸኙ፣ የእጅ ልምምድ ቢጨመርላቸው ይጠቅም እንደሆነ ግን በእኛ አካባቢ ማንም አጥንቶት እንደማያውቅ አስረዳችን። ፈቃደኛ የሆኑት ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር እጁን ያሠራል። ሌላው በወር አንድ ቀን ምክር ይሰማል፤ ስለ ጨው፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ እግር መንገድ። በመጨረሻ የሁሉም እጅ ይለካል። ማን ወዴት እንደሚገባ የሚለየው በታሸገ ፖስታ ነው።

የፈቃደኝነት ወረቀቱን ላንብብልዎት ስትለኝ «ራሴ አነባለሁ» አልኳት። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ማንም እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ እሷም ታገሠችኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዓይኔ ደከመ፣ ቃላቱም ከበዱኝ፣ ገለበጥኩትና ፈረምኩ። ያቺ ሌላዋ ማንበብ ስለማትችል ተነበበላትና አሻራ እንድታሳርፍ ተጠየቀች። ቀኝ አውራ ጣቷ ወረቀቱን መጫን አቅቶት በግራ እጇ ተጭና አሳረፈችው።

ከዚያ ተለካን። ዘጠኝ ትንንሽ እንጨቶችን አንድ በአንድ አንስቶ ቀዳዳ ውስጥ መትከል ነው፤ ሰዓት ይያዝብሃል። እኔ እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን ዘጠኙንም ተከልኩ። እሷ ሦስተኛው ላይ ቆመች። አራተኛው እንጨት ጠረጴዛው ላይ እየተንከባለለ ሲሸሻት አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ፖስታው ተከፈተ። የእኔ «ልምምድ» ይላል። የእሷ «ምክር»።

በሰፈራችን ሴቶች ውጆ የምንለው የቅቤ ዕቁብ አለን። ለመስቀል የሚሆን ቅቤ የምናገኘው በእሱ ነው። ሁላችንም እናዋጣለን፣ ዕጣ የወጣላት ትወስዳለች። ይህን ዕቁብ ብዙ ዓመት በዳኝነት የያዝኩት እኔ ነኝ። ዕጣው ሲወጣ ከመካከላችን የወለደች ወይም ሐዘን የገባባት ካለች፣ ባለዕጣዋ ሳትጠየቅ «ይሻገርላት» ትላለች። ሳትል ከዘገየች እኔ አያታለሁ፤ ያኔ ትላለች። አዳልታለች ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ፖስታዬን ይዤ ወደ ተመራማሪዋ ተመለስኩ።

«ልጄ፣ የእኔ ይሻገርላት።»

«ምኑ እማማ?»

«ዕጣው። የእሷ እጅ ከእኔ ይብሳል። ራስሽ ለክተሻታል።»

«አይሻገርም። እንደወጣ ነው የሚጸናው።»

«የባሰባት ተቀምጣ የተሻላት የምትታከምበት ዕጣ የት አገር ነው ያለው?»

«ልምምዱ የሚጠቅም መሆኑን ገና አናውቅም እኮ። እኛ እየመረጥን ብንመድብ ውጤቱን ማንም አያምነንም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ።

ግቢው በር ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ፣ ስምና ቁጥር የተጻፈበትን የጥናቱን ካርዴን አውጥቼ ለሴትዮዋ ሰጠኋት። የእሷን ተቀበልኩ። ልምምድ የሚያሠራው ባለሙያ ሌላ ሰው ነው፤ ፊታችንን አያውቅም። ምክር የምትሰጠዋም ሌላ ናት። ተመራማሪዋ ወደ ወልቂጤ ትመለሳለች።

«ሐራም አይሆንም?» አለች ካርዱን እያገላበጠች።

«የሰው ወሰድሽ? የራሴን ነው የሰጠሁሽ። እኔ የዕቁብ ዳኛ ነኝ፤ ይህን ባላውቅ ማን ያውቃል?»

እንዲህ ብዬ ነው የገባሁበት።

በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ከእንሴኖ በሚኒባስ ትመጣለች። ስትጨርስ ቤቴ ጎራ ትላለች። በመጀመሪያው ቀን የመጣችው ላብ በላብ ሆና ነው።

«ባለሙያው በስምሽ ጠራኝ» አለች። «የክርስቲያን ስም በእኔ ላይ! አቤት አላልኩም። አልዋሽም ብዬ ዝም ብዬ ተነሳሁ። ሻርፔን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ደግሞ ሻርፔን አየ። በሆዴ አስተግፊሩላህ እላለሁ። ምንም ሳይል ፎጣ ሰጠኝና ይጭመቁ አለኝ።»

የእኔም ተራ ሲደርስ ከዚያ አልተሻለም። የምክሩ ዕለት በእሷ ስም ስጠራ ከመነሳቴ በፊት ማተቤን ወደ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሸሽጌው አላውቅም። ምክር ሰጪዋ ጨው ቀንሱ ስትለን ሰምቼ፣ ወጥቼ፣ በር ላይ ማተቤን መልሼ አወጣሁት። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የተማረችውን ላሳይሽ አለችኝ። ባቄላ ከሳህን ወደ ሳህን በሁለት ጣት ማሻገር፣ ፎጣ መጠምዘዝ፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈት። እምቢ አልኳት። ቅቤዋን አሻግራ ከዚያው ቅል ጣቷን ነክራ የምትልስ ሴት በእኔ ዕቁብ ብትኖር እኔው ራሴ እቆጣት ነበር። ካሻገርኩ አሻገርኩ። ምራቴ እንዳትጠረጥር ማክሰኞና ዓርብ ከቤት ወጥቼ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር እቀመጣለሁ፤ እጄን ነጠላ ውስጥ ደብቄ። ጣቶቼ እዚያው ነበሩ። አልባሱም፣ አልተሻሉም።

በአሥረኛው ሳምንት ተመራማሪዋ ሳይነገረኝ ቤቴ መጣች። የልምምድ ቡድኑን በየቤቱ እየዞረች ማየት ሥራዋ ነው። ጓሮ ድረስ ገብታ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ልምምዱ እንዴት ነው እማማ?»

«ደህና ነው።»

«አንድም ቀን አልቀሩም አሉኝ። ከሁሉም ጎበዟ እርስዎ ነዎት።»

ምራቴ ከእንሰቱ ቀና ብላ በኩራት አየችኝ። መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ተመራማሪዋ እጄን ተቀብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «ይጭመቁኝ» አለች። ጨመቅኳት። «ይበርቱ» አለች። በርትቼ ነበር። የቀሚሴን ቁልፍ እንድቆልፍ ጠየቀችኝ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሾለከ። ደብተሯን ገልጣ የመጀመሪያውን ቀን ልክ አየች፣ እጄን አየች፣ ደብተሩን ዘጋች። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ትመስል ነበር። «እርስዎ ሃያ ቀን ሙሉ ሠርተው ካልተለወጠ...»

«ምን ማለት ነው?»

«ልምምድ የሠሩት ከምክር ቡድኑ በልጠው ከተገኙ፣ በየወረዳው እንዲህ ያለ ክፍል ይከፈት ብለን ውጤቱን ይዘን እንጠይቃለን። እኩል ከሆኑ ግን ማን ይሰማናል? ምክር ይበቃል ይሉናል። እውነታቸውንም ነው። የማይጠቅም ነገር ሰውን ለምን ያመላልሳል?»

«የአንድ ሰው እጅ ምን ያህል ይለውጠዋል?»

«እኛ ጥቂት ሰው ነው ያለን እማማ። እያንዳንዱ እጅ ይቆጠራል።»

ስትሄድ እስከ በር ሸኘኋት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። የሴትዮዋ ጣቶች ታዩኝና ዘጋሁት። ብናገር ያቋርጧታል፤ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል። ባልናገር ደግሞ የእኔ በድን እጅ «ልምምድ የሠራ» ተብሎ፣ የእሷ የዳነ እጅ «ምክር ብቻ የሰማ» ተብሎ ይጻፋል። ከእኛ በኋላ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሁሉ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ይባላሉ። የሚያሰናብታቸውም የእኔ ቸርነት ነው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ወደ እንሴኖ ሄድኩ። ከሩቅ አየችኝና ገና ሳልደርስ «ነይ እዪ! ነይ እዪ!» ትለኛለች። ማዳበሪያ ላይ ካፈሰሰችው በርበሬ አንዱን በቀኝ እጇ አነሳች። አውራ ጣትና ሌባ ጣቷ ጭራውን ያዙ፣ ጠመዘዙ፣ ቀነጠሱ። ቀስ ብሎ ነው፤ ግን ቀነጠሱ። «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!» አለችኝ።

ተቀመጥኩና የሰማሁትን ነገርኳት። ስጨርስ በርበሬውን ጣለችው።

«አራት ቀን ነው የቀረኝ። አራት ቀን ልጨርስና የፈለግሽውን ንገሪያቸው።»

«እስከዚያ ውሸት እየተጻፈ ነው።»

«አሥር ሳምንት ሲጻፍ የት ነበርሽ?»

«አላወቅሁም።»

«እኔ ሐራም አይሆንም ብዬ ጠይቄሻለሁ! ምን አልሽኝ? ዳኛ ነኝ አልሽኝ።» አጠገቧ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ዞር አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ሲል ባሰ። «ስትሰጪኝ ፍርድ ነው አልሽ። ስትነጥቂኝም ፍርድ ነው። አንቺ የማትፈርጂበት ቀን የለም፣ እቴ?»

የጣለችውን በርበሬ በግራ እጄ አንስቼ ማዳበሪያው ላይ መለስኩላት።

ገዢ መጣች። ሴትዮዋ ጣሳውን በቀኝ እጇ አንስታ፣ ሞልታ፣ ደርባ፣ አንድ ፍሬ ሳታፈስ ሰፈረችላት። ሆን ብላ ነው፤ እንዳየው። ገዢዋ ስትሄድ ፊቷን ሳታዞር «ማክሰኞ ነው ቀጠሮዬ» አለችኝ። «ቀድመሽኝ እንዳትገቢ።»

ምን ልታደርግ እንዳሰበች አልነገረችኝም። እኔም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። እስከ ማክሰኞ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ አላስታውስም፤ ምራቴ ሁለት ጊዜ ግፊቴን አስለክታ ሁለት ጊዜ እንደተቆጣችኝ ብቻ አስታውሳለሁ።

ማክሰኞ ቀድሜ ደርሼ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳልገባ ጠበቅኋት። መጥታ ወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እንዴት አደርሽ» አለች። ካርዴ በእጇ ነበር። ጥርጣሬ ገባኝ፤ ብቻዋን ልትገባ ይሆን? ብትገባስ ተነስቼ ልይዛት ነው?

በሩ ተከፈተ። ባለሙያው ስሜን ጠራ።

«አቤት!» ብዬ ተነሳሁ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው።

እሷም ተነስታ ነበር።

ልጁ ሁለታችንን ሲያይ ሳቁ መጣ። «እናቶቼ፣ እኔ የጠራሁት አንድ ሰው ነው።»

እኔ ቃል እስክፈልግ እሷ ቀደመችኝ። ካርዱን ዘርግታ ሰጠችው። «ስሙ የእሷ ነው ልጄ» አለችው። «እጁ ነው የእኔ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። የዚያን ቀን ልምምድ አልነበረም። ስልክ ተደወለ፤ ተመራማሪዋ ከወልቂጤ እስክትመጣ እዚያው ጠበቅን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሴትዮዋ ከፌስታሏ ዳቦ አወጣች፣ ገመሰች፣ ግማሹን ሳታየኝ ወደ እኔ ገፋችው። በላሁ።

ተመራማሪዋ ስትመጣ እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ከፖስታው እስከ ማተቤ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ብትጮህብኝ እችል ነበር። ስጨርስ «ሌላ የተለዋወጠ ታውቃላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አናውቅም አልናት። ብዕሯን አነሳች።

«ሁለታችሁንም እንደሆነው እጽፋለሁ» አለች። «ተለዋውጠዋል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ራሳቸው ተናግረዋል ብዬ። አልደብቀውም፣ አልሰርዘውምም። የሚያነበው ይፍረድ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ለምን እማማ? ነግሬዎት ነበር።»

«እጇ ከእኔ ይብስ ነበር» አልኩ። ሌላ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

«የቀሩኝ ቀኖችስ?» አለች ሴትዮዋ። ስትጠይቅ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ነበር፤ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ብቻዬን መወሰን አልችልም። የሚፈቅድ ኮሚቴ አለ፤ እጠይቅልዎታለሁ።»

የኮሚቴው መልስ ሳይመጣ አሥራ ሁለቱ ሳምንት አለቀ። አራቱ ቀን ቀሩባት። አንድም ጊዜ አላነሳችብኝም፤ ቢሆንም እኔ ሳልቆጥራቸው የዋልኩበት ቀን የለም።

የመለኪያው ዕለት በየራሳችን ስም ተጠራን። መጀመሪያ እኔ ገባሁ። ዘጠኙን እንጨት ተከልኩ፤ የፈጀብኝ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጋር ያው ነው። ቀጥላ እሷ ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አየኋት። ሦስተኛውን ተከለች። አራተኛው ተንከባለለ፤ በሁለት ጣቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያዘችው። ዘጠነኛውን ስትተክል ትንፋሼን ለቀቅሁ። ከእኔ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ጊዜ ነው የጨረሰችው።

«እኩል ወጣን» አለችኝ ስትወጣ። «ይኸው፣ የምትወጂውን አገኘሽ።»

መሳለቋ ነው። መሳለቋ ግን ደስ አለኝ።

የጥናቱ ውጤት ገና አልተነገረንም። ተመራማሪዋ ስንሰናበት ከዛሬ በኋላ ቤታችን የፈለግነውን ብንሠራ ጥናቱን እንደማይነካው ነገረችን። ያንን ሦስተኛ ገጽም ለምኜ በድጋሚ አነበብኩት። ገብቶኛል። ትክክል ነው ለማለት ግን ዛሬም አንደበቴ ይከብደዋል። እነሱ ነገ ለሚመጣው ሰው ነው የሚያስቡት። እኔ ግን ያየሁት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ነበር።

አሁን በገበያ ቀን እንሴኖ እሄዳለሁ። ማዳበሪያዋ ዳር ታስቀምጠኛለች፣ ግራ እጄን በነጠላዬ ጠቅልላ ታስርብኛለች፣ ፊቴ በርበሬ ታፈሳለች። ሽንኩርት ሻጯ እየሰማች፣ ምክሩ ላይ በተጠራሁበት በእሷው ስም ትጠራኛለች።

«አቤት በይ!»

«አቤት» እላለሁ።

«ቀንጥሺ።»

አውራ ጣቴ ጭራውን ያገኘዋል፣ ሌባ ጣቴ ይዘገያል፣ በርበሬው ይሾልካል። ግራዬን ከነጠላው አውጥቼ ላንሳው ስል እጄን በጣሳዋ መታ ታደርገዋለች። ከወደቀበት ራሱ ቀኙ ያንሳው ትለኛለች። እሱም ጎንበስ ይላል፣ ይፈልጋል። ገና አላነሳውም። እሷም ገዢ እያስጠበቀች ትጠብቀኛለች።